አባባ የማይወዱት መጋጠሚያ

አባባ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ እሳቸው መስመር ያልዘረጉበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጥቅል ናስትሮ፣ የሽቦ መጠቅለያው ፕላስተር፣ አለ፤ መጠቀም ግን አይወዱም። መሃሉ ላይ የተቀጠለ ሽቦ ካዩ፣ ባለቤቱ ቢለምናቸውም ሙሉውን ነቅለው እንደ አዲስ ይዘረጉታል። መብራት የሚከዳው መጋጠሚያው ላይ ነው ባይ ናቸው። እማዬ፣ ሰውዬው የተቀጠለ ሽቦ ሲያዩ ጾም የተሻረ ይመስል ይቆጣሉ እያለች ትስቅባቸው ነበር። ሥራ የቀናቸው ቀን ሐይቁ ዳር ወስደው አሳ ይጋብዙናል። ያ ጣት የሚያስቆረጥም ጥብስ! እንዴት እንደሚናፍቀኝ።

አድጌ ፊዚክስ ተማርኩና እኔም ሽቦ ላይ ወደቅሁ። የኔው ግን በዓይን አይታይም። ውፍረቱ ጥቂት አቶም ብቻ የሆነ ስስ ገጽ አለ። ሲሠራ ከተለያየ አቅጣጫ እያደጉ የመጡ የገጹ ቁራጮች ይገናኛሉ፤ የተገናኙበት ቀጭን መስመር ራሱ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ሽቦ ይሆናል። እኔ ያንን በኮምፒውተር አሰላለሁ።

አባባ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ የሽቦ ተማሪ ናት» ብለው ስላወሩ፣ ካውያው የተቃጠለበት ሁሉ በራችንን ያንኳኳል። አይ አባባ! አንድ ቀን ረጋ ብዬ አስረዳቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። እሳቸው ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የቤታችንን መንገድ። ሥራዬን ሳያውቁልኝ እኔንም ሊረሱኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው እሁድ በረንዳ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለት ወረቀት ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝቼ፣ ኮረንቲው የሚሄደው እዚህ መጋጠሚያው ላይ ብቻ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ተኮሳተረ። ያ የድሮው ቁጣ ነው፤ ሳየው ደስ አለኝ።

«ማነው የቀጠለው?»

«ማንም አልቀጠለውም፣ አባባ። ሲያድግ ራሱ ነው የገጠመው።»

በወረቀቶቹ መሃል ጣታቸውን ቀስ አድርገው አስኬዱ። ከዚያ ናስትሮውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እንዲህ ከሆነስ ናስትሮም አያስፈልገው» አሉ። ፈገግ ብለው ቀና አሉና አዩኝ። «የኔም ልጅ የሽቦ ተማሪ ናት። ስትመጣ ይህን ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።»

እሺ፣ እነግራታለሁ አልኳቸው። ናስትሮውን አንስቼ ኪሳቸው ውስጥ መለስኩላቸው።