መጀመሪያ ስምህን ንገረኝ

አጎቴ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተኝተው ነበር፤ እኔም አስታማሚያቸው ሆኜ አልጋቸው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አረጀሁ። ጠዋት ጠዋት የሕክምና ተማሪዎች ይከቧቸውና ሆዳቸውን በየተራ ለመዳበስ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እሳቸው ሸሚዛቸውን ጨብጠው፣ «አቦ፣ መጀመሪያ ስምህን ንገረኝ! ከዚያ እንዳሻህ ተማርብኝ» ይላሉ። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ ስለማድር፣ «ኧረ ይተዉአቸው፣ ቶሎ ይጨርሱ» እላለሁ።

ከቀብራቸው በኋላ እዚያ የቀረውን ሽርጣቸውን ላመጣ ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ከጀልዴሳ የመጡ ሌላ አዛውንት ተኝተዋል። ከነዚያው ተማሪዎች አንዷ ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ ሰዓዳ እባላለሁ። ሆድዎን ልይ?» አለቻቸው።

ሽርጡን እንደያዝኩ ከልማዴ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የማስታምመው ሰው እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።