የዌንደል ባለ አስራ አንድ ገጽ ጭራቅ

አሜሪካ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ማኒቶዎክ ከተማ ውስጥ ዌንደል ዛስትሮውን ከኔ በላይ የሚያውቀው ሰው የለም። ሌላ ሰው ስለሱ ሲያወራ ብትሰሙ ግማሹን ጣሉት። ዌንደል ብረት ማቅለጫው ውስጥ የእንጨት ቅርጽ ሠሪ ነበር። የመርከቡ ዕቃ በብረት ከመፍሰሱ በፊት በእንጨት የሚጠርበው እሱ ነው፤ የፀጉር ያህል ከሳተ በሱ ቅርጽ የሚፈሰው ሃምሳ ዕቃ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲጠርብ አንድ ቀን አልሳተም። እኔ ምድጃው ላይ ነበርኩ። እኔ ከሌለሁ ምድጃው በቅጡ አይነድም ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን የኔ ነገር ይቆይ።

የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት ነው፣ ሐይቁ መርከብ እስከሚመራው መብራት ማማ ድረስ በረዶ የሠራበት ጥር። ያን ጊዜ ብርድ ብርድ ነበር፤ የመኪና ባትሪ አውጥተን ወጥ ቤት እናሳድር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስድስት ተጫዋቾች ዌንደል ቤት ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። ጨዋታው ቀላል ነው፦ አንዱ ከካርቶን ግርዶሽ ኋላ ተቀምጦ አገሩን፣ ዋሻውን፣ ጭራቁን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጀግና ይሆናሉ፤ መምታትና መሳት ዳይስ የሚባለው ባለ ቁጥር ጠጠር ተጥሎ ይለያል። ተራኪው ዌንደል ነው። ቢራ አለ፣ ሲያኝኩት ጢጥ የሚል የዕለት አይብ አለ። ጢጥ ካላለ የትናንት ነው፣ እንዳትበሉት።

ችግሩ ጭራቆቹ ነበሩ። ዌንደል ጭራቅ ሲሠራ እንደ እንጨቱ ነው የሚሠራው። ስንት ጥርስ አለው፣ ጉበቱ በየት በኩል ነው፣ ምን በልቶ ምን ይጠላል፣ አንዱም አይቀርም። አንድ ውጊያ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሦስቱን ሰዓት ገጽ ሲያገላብጥ ነው። ሰው ሰለቸው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ሎይስ ቴሽ ደግሞ የራሷን የጨዋታ ጠረጴዛ ዘረጋች፤ እሷ ጭራቋን በአንዲት ካርድ ነው የምትጽፈው። «ከደረጃው ሥር የሆነ ነገር አለ። ስምህን ያውቃል።» በቃ። ይቺን ሰምተው ትልልቅ ወንዶች ድንች ለማምጣት ምድር ቤት መውረድ ፈሩ። ከዌንደል ስድስት ተጫዋቾች አራቱ ወደሷ ሄዱ። የቀሩት የወተት መኪና ሹፌሩ ዱዌንና ሚስቱ አርሊን ብቻ ናቸው።

ዱዌን በግልጽ ነገረው። «ስማ ዌንደል፣ የፊታችን ቅዳሜም እንደ ባለፈው ከሆነ እኛም ሎይስ ጋ ነን። እንዳትቀየመኝ።»

«ቮርሙንድን አላያችሁትም ገና» አለ ዌንደል። ቮርሙንድ ሰባት ወር የደከመበት ጭራቅ ነው፣ አስራ አንድ ገጽ። ዌንደል ሚስት የለው ልጅ የለው፤ ያ ጠረጴዛ ከታጠፈ ቅዳሜው ምን ሊሆን ነው? ሳምንቱን ሙሉ እንጨት ሲልግ ይሄንኑ ነበር የሚያስበው።

ቅዳሜ ደረሰ። ዱዌን ሎይስንም ይዟት መጣ። «እንግዳ ናት፣ ዳኛ አይደለችም» አለ እየሳቀ። ዌንደል ግን አስራ አንዱን ገጽ ደጋግሞ አስተካከለ።

በተረቱ ጀግኖቹ ተራራውን ወጡ፣ የቮርሙንድ ዋሻ አፍ ላይ ደረሱ። አርሊን ስለ ጀግናዋ ጫማ አስባ ነው መሰለኝ፣ «እዚያ አገር አሁን ወሩ ምንድነው? ይበርዳል?» ብላ ጠየቀች።

ዌንደል የተረቱን ቀን በየሳምንቱ እየቆጠረ ይይዝ ነበር። «ጥር አጋማሽ» አለ። ብሎም ሰባተኛውን ገጽ ገለጠና ደርቆ ቀረ። በገዛ እጁ እንዲህ ተጽፏል፦ ቮርሙንድ የመጀመሪያው በረዶ ከወደቀ ጀምሮ በረዶው እስኪቀልጥ ይተኛል፤ ምንም አይቀሰቅሰውም።

ከግርዶሹ ኋላ ያለውን ወረቀት ማንም አያይም። አንድ ቃል ቢዋሽ ጭራቁ ተነስቶ ያገሳ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ከልኩ ውጭ ያልጠረበ እጅ ነው የጻፈው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተኝቷል።»

«ምን?»

«ቮርሙንድ ተኝቷል። በበረዶ ወራት አይነቃም።»

ዱዌን ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። «ሰባት ወር ሙሉ ሠርተህ አስተኛኸው? ኧረ በናትህ! በቃ አንገቱን ልቁረጠውና ወደ ቤታችን እንግባ» ብሎ ዳይሱን አነሳ።

«ቆይ እስቲ» አለች ሎይስ። «እንዴት ነው የተኛው?»

ዌንደል ገጽ አልገለጠም። «በግራ ጎኑ። ቀኝ ክንፉን ዓይኑ ላይ ጥሎ።»

«ለምንድነው ዓይኑ ላይ?»

«ጠዋት ፀሐይ በዋሻው አፍ ትገባለች። አይወዳትም።»

አርሊን ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። «ይተነፍሳል?»

«በአራት ደቂቃ አንዴ።»

 አርሊን የግድግዳውን ሰዓት አየች፣ ሎይስም አየች። ጠበቁ። እውነተኛ አራት ደቂቃ፣ ትልልቅ ሰዎች፣ አይብ በእጃቸው ይዘው! ዱዌን ዳይሱን እንደጨበጠ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰዓቱ ሲሞላ ዌንደል ቀስ ብሎ፣ ረጅም አድርጎ ተነፈሰ። ዱዌን ከወንበሩ ተነስቶ ዘለለ፤ ቢራው አርሊን ቀሚስ ላይ ተደፋ።

«አንተ ፈሪ!» አለችው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ እንውጣ» አላት፣ እሱም በሹክሹክታ። «አልነካውም። ማንም እንዳይነካው።»

ከዋሻው እስኪወጡ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው አልነበረም።

በኋላ ሎይስ ካርድ አወጣችና ጻፈች፦ ተኝቷል፤ በአራት ደቂቃ አንዴ ይተነፍሳል። ዌንደል አየውና ከፋው። «የቀረውስ? አስሩ ገጽ?»

«የቀረውን አንተ እወቀው። ባታውቀው ኖሮ ዛሬ እንዲያ ቶሎ ቶሎ ትመልስልኝ ነበር? እኛ ስንጠይቅህ ብቻ ንገረን፣ አታንብብልን።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሎይስ ከድተው የሄዱትን አራቱን በአውቶቡሷ ጭና አመጣቻቸው። ወንበር አልበቃ ብሎ ሁለቱ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ዌንደል ያን ቀን ምን እንደተሰማው ሲነግረኝ አፈረ፤ አፍንጫውን ነው ያበሰው።

በተረቱ አገር በረዶው ቀለጠ፣ ተመልሶ ዘነበ፣ ቀለጠ። ወደዚያ ተራራ ግን ማንም ተመልሶ አልሄደም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀግኖቻቸው ዙሪያ ጥምጥም ነው የሄዱት። ዌንደል ከሥራ ሲገባ እየጨመረበት ጭራቁ ሃያ ሦስት ገጽ ደርሶ ነበር።

ብረት ማቅለጫው ተዘጋ፣ ዌንደልም ሞተ። ዕቃውን ልናነሳ ስንገባ የቮርሙንድ ገጾች ያሉበት ማኅደር መሳቢያው ውስጥ ነበር። ዱዌን ጸጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ መነጽሩን አድርጎ ሊከፍተው ሲል ሎይስ እጁን ቸብ አደረገችው።

«አንብቤ ልየው እንጂ፣ ከዚህ በኋላ ማን ይነግረኛል?» አላት።

«ማንም አይነግርህም። ማንም እንዳይነካው ያልከው አንተው ነህ» አለችው። ቀምታው ብብቷ ሥር ይዛው ወጣች።