የሄሱክ ተራ

በእኛ ፎቅ ነርሶች የሚያረግዙት በተራ ነበር። ደንብ ሆኖ የተጻፈበት ቦታ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። የወደብ ከተማችን የመንግሥት ሆስፒታል ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ፣ አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ሥራውን እንደለመዱ ወደ ሴኡል ይሄዳሉ። የቀሩት የሄዱትንም ሥራ ደርበው ይሠራሉ። ሁለት ነርሶች አንድ ላይ ካረገዙ የሌሊት ፈረቃውን የሚሸፍን ይጠፋል። እኔ እዚያው ፎቅ ላይ፣ ልጆቻቸው እየቀጠሩኝ ሽማግሌ ሕሙማን አስታምም ነበር፤ ነርሶቹ አክስቴ ይሉኛል።

ሄሱክ ከነርሶቹ ሁሉ የቆየችው ናት። ምሳዋን ቆማ ነበር የምትበላው፤ ሩዟን ሾርባው ውስጥ ትገለብጥና ሳታኝክ ትውጠዋለች። ተራው እሷ ጋ ሲደርስ ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር።

«አክስቴ፣ ዘንድሮ የኔ ነው» አለችኝ አንድ ጠዋት አንሶላ ስንቀይር። «ባሌማ ከአሁኑ የአራስ ሾርባ የሚሠራበትን የደረቀ የባሕር ቅጠል ገዝቶ ኩሽና ሰቅሎታል። ረጅም ነው፣ ስገባ ስወጣ ራሴን ይመታኛል።»

የአራስ የባሕር ቅጠል አይታጠፍም፣ አይሰበርም። ከተሰበረ ምጥ ያከብዳል ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ ትንሿ ነርስ ቦራ ማርገዟ ተሰማ።

«ባልሽ መርከበኛ አይደል እንዴ?» አለቻት አንዷ ነርስ። «ስንት ጊዜ ባሕር ላይ ከርሞ፣ ብቅ ሲል ሰልፍ ይጥሳል?»

ሌሎቹ ሳቁ። የነርሶቹ ኃላፊ ግን አልሳቀችም።

«ሄሱክም ብታረግዝ ፎቁን ልዘጋው ነው? ወይ ሥራሽን ልቀቂ፣ ወይ...»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላስበው ነው» አለች ቦራ እያለቀሰች።

ሄሱክ መርፌ እያዘጋጀች ነበር፤ ቀና ሳትል «የኔን ተራ ትውሰድ» አለች።

ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «አንቺ ሞኝ! ማኅፀን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል?»

«ምን ላድርግ አክስቴ? እሷ ከለቀቀች ሌሊቱ እኛው ላይ ነው የሚወድቀው። የኔ ይደርሳል።»

ቦራ ስትወልድ ያንን የባሕር ቅጠል ሄሱክ ራሷ ወሰደችላት። እንዳይታጠፍ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር የሄደችው። ባሏ ሌላ እንግዛ ቢላት፣ ተራዬ ሲመለስ አለችው።

ቦራ ከወሊድ ፈቃዷ ተመልሳ ብዙ አልቆየችም። ጡት የምታጠባ ሴት ያን ፈረቃ ከየት ትችለዋለች? ደመወዙ የተሻለበት ሴኡል ሄደች። በእሷ ቦታ ሰው አልመጣም። ሄሱክ የሁለት ሰው ሥራ ስትሠራ ከረመች። ተራው ዞሮ ሲደርሳት ሰውነቷ እምቢ አለ። ሐኪሞቹም ዘግይተሻል አሏት።

ባለፈው ልደቷን ልናከብር ቤቷ ሄድኩ። በእኛ አገር የልደት ሾርባም ከዚያው ከባሕር ቅጠል ነው። ሾርባውን ልሠራላት ስነሳ ድስቱ ትንሽ፣ ቅጠሉ ረጅም ሆነብኝ።

«ቦራን ትቀየሚያታለሽ?» አልኳት።

«ምን ቆርጦኝ! እኔም ልጅ ቢኖረኝ እሄድ ነበር።»

ቅጠሉን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ስበሪው እንጂ አክስቴ» አለችኝ። «የልደት ነው እኮ፣ የአራስ አይደል።»

ሰበርኩት።