የጨመዳ ድንቢጦች

ስለ ጨመዳ ደግ ደጉን ጻፍ ብትሉኝ እጄ አይታዘዘኝም። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ከነቀምቴ ወዲያ ችካል ሲተክል የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣ እዚሁ ነቀምቴ ጨለለቂ፣ እኛ ሰፈር የገባ፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሚስቱን ከቀበረ ስድስት ዓመቱ ነው። ሸሚዙን ራሱ አጥቦ ራሱ ይተኩሳል፣ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። ይህም ያናድደኛል። የምቀናው ግን በወፎቹ ነበር።

በሰፈሩ ድንቢጥ ማርባት የጀመርኩት እኔ ልብስ ሰፊው ሠርፀ ነኝ፤ ይህ ይታወቅልኝ። ከአዲስ አበባ በካርቶን፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ምንቃራቸው ቀይ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ የፈረንጅ ድንቢጦች ናቸው። ጨመዳ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጥቶ አያቸውና ዓይኑን መንቀል አቃተው። አሳዘነኝና አንድ ጥንድ ሰጠሁት፤ በገዛ እጄ። በዓመቱ የእሱ ጥንድ አሥራ አራት ሆኑ። የእኔዎቹ ይጥላሉ፣ ይታቀፋሉ፣ ከዚያ እንቁላሉን ትተው ይነሳሉ። አንድም ጫጩት አላየሁም።

ከኡኬ ድረስ ሰው እየመጣ «የወፉ ሰው ቤት የቱ ነው?» እያለ የሚጠይቀው ደግሞ እኔን ነው። ሱቄ መንገድ ዳር ስለሆነ። በጣቴ አሳያለሁ። አሳስቼ የላክሁትም አለ፤ አልዋሽም።

ያላደረግሁት ነገር የለም። እሱ ለጎጆ ስባሪ ቅል ሲሰቅልላቸው እኔ ደህናውን ቅል ገዝቼ አፍ አስወጣሁለት። እሱ ደረቅ ሣርና የዶሮ ላባ ሲበትን እኔም በተንሁ። እሱ የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ፈጭቶ ሲያበላ እኔም ፈጨሁ። እንዲያውም እኔ እበልጠው ነበር፤ ወፌ እንቁላል ላይ ስትቀመጥ የአራስ ወግ አልነፈግኋትም። አራስ ለማንም ዓይን አትጋለጥም። ስለዚህ ቅሉን በነጠላ እሸፍናለሁ፤ እንግዳ በበሩ ሲገባ ሽቦ ቤቱን ከነወፎቹ አንስቼ ወደ ጓዳ አስገባለሁ፤ ሲወጣ መልሼ ፀሐይ ላይ አወጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ብርሃን ላይ አያቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ጨመዳ አንድ ቀን ይህን አይቶ፣ «ሠርፀ፣ ተዋት እንጂ። ሲምቢራ እኮ ናት፤ ወፍ ሰው አይደለችም» አለኝ።

«አንተማ ስለተትረፈረፈልህ ነው» አልሁት። በሆዴ ግን የሚደብቀኝ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ሆንሁ።

ኅዳር ላይ የእኔዋ አምስት ጣለች። በታቀፈች በስምንተኛው ቀን ጨመዳ ቁልፉን ይዞ ቤቴ መጣ።

«ዲጋ እህቴ ጋ ስድስት ቀን እቆያለሁ። አንዲት ድመት አጥር እየዘለለች አስቸግራለች፤ ማሎ፣ እባክህ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ሆነህ ጠብቅልኝ። ቅሉን ብቻ አትንካ።»

ምስጢሩን በገዛ እጁ አስረከበኝ አልሁ። የእኔዎቹን ለባለቤቴ ለትዕግሥት ትቼ፣ የእጅ ስፌቴን ይዤ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ ደክሞኝ እመለሳለሁ።

ምስጢር ፈለግሁ፤ የለም። እናቲቱ ትወጣለች፣ አባቱ ይገባል። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ተራ ይቀያየራሉ። ቅሉ ውስጥ ጫጩቶች ሲንጫጩ ይሰማኛል። በሦስተኛው ቀን ተነስቼ እጄን ቅሉ ላይ አደረግሁ። አንዴ ብነቀንቀው ማን ያያል? ጥፋቱ የድመቷ ይሆናል። እጄ እዚያው ትንሽ ቆየ። የመለሰኝ ደግነት አይደለም፤ ድመቷን በሦስት ቀን ውስጥ አንዴም አላየኋትም ነበር፣ እንዴት ብዬ እንደማሳብብባት ጨነቀኝ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጨመዳ ሳይመጣ ምሳ ልቀምስ ቤት ብቅ ብል፣ ትዕግሥት በር ላይ እጄን ያዘችኝ።

«ዝም በልና ስማ» አለች።

ከቅላችን ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። በእኔ ቅል፣ በእኔ ቤት። እንባዬ መጣ። ወዲያው ያሰብሁት ግን ምን መሰላችሁ? ጨመዳ እስኪመጣ አልቆይም፣ ዲጋ ድረስ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ ይንገብገብ።

ትዕግሥት ስልኬን ሳወጣ ሳቀች። «ለማን ልትነግር ነው? እሱ ነው እኮ ያስፈለፈላቸው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«‹ሠርፀን ስድስት ቀን ከወፎቹ ላርቅልሽ፤ አንቺ ምግብና ውኃ አስቀምጪና ዘወር በይ፤ ነጠላውን አንሺው፣ ሽቦ ቤቱን ካለበት አታንቀሳቅሺ› ብሎኝ ነው የሄደው። ድመት የሚባል ነገርም የለም። መኪና እንደሚያዞረው ታውቃለህ፤ ለዚህ ብሎ ነው ዲጋ የወረደው።»

ምሳዬን አልቀመስሁም። ቁልፉን ይዤ ወደ ጨመዳ ቤት ተመለስሁ። ብዙም ሳይቆይ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ከመኪናው የተነሳ ፊቱ ገርጥቶ ከች አለ።

«አከም ኦልቴ ሠርፀ፣ ወፎቹ እንዴት ከረሙ?»

«ደህና ናቸው።»

«ያንተዎቹስ?»

«ፈለፈሉ» አልሁት።

እንደማያውቅ ሆኖ ፊቱ በራ። ቁልፉን ከእጄ ተቀበለና፣ «ገለቶሚ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ጠበቅህልኝ» ብሎ አመሰገነኝ። እኔን! ያቺ ቅሉ ላይ የነበረች እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኋት።

እስከዚያ ቀን በወፎቹ ነበር የምቀናው። አሁን በራሱ በሰውዬው ነው፤ ደግነቱ ደግሞ እንደ ቅሉ ገዝቼ የምሰቅለው ነገር አይደለም። ትናንት አንድ የዲጋ ሰው የወፉ ሰው ቤት የቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። መቀሴን አስቀምጬ ጨመዳ በር ድረስ አደረስሁት።