አቧራ እንዳይገባው

ዛሬ ጠዋት አዲስ ራም የገጠምኩለት ላፕቶፔ አልነሣ ብሎኝ፣ የራሙን ጠርዝ የምጠርግበት ላጲስ ፍለጋ የአባቴን መሳቢያ ከፈትኩ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ላጲሱ ተገኘ፤ ግን ዙሪያውን በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ በፕላስተር ታሽጓል። ላጲስ እኮ ነው! ተፍቆ የሚያልቅ ነገር! ላጲስ የሚሸፍን ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ጠጋ አድርጌ ሳሸተው በላስቲኩ ውስጥ እንኳ ያ የመማሪያ ክፍል ሽታው ወጣ፤ ከእሱ ጋር ያ የተረገመ ከሰዓት መጣ።

አባቴ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚሸፍነው ደብተር ሲያጣ ቤቱን መሸፈን ጀመረ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ፣ የውኃ ደብተሩ በላስቲክ፣ የእናቴ የመዝሙር መጽሐፍ በላስቲክ። አታምኑኝም፣ ጣቢያ ለመቀየር ሪሞቱን ሦስቴ መጫን ግድ ነበር። የሀዋሳ አቧራና የሐይቁ እርጥበት ተባብረው ዕቃውን ሊጨርሱበት የመጡ ይመስለው ነበር። ፕላስተሩን ሁልጊዜ ጫፉን ሰያፍ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፤ ለመላጥ እንዲመች ነው ይላል። ሊላጥ ከሆነ ለምን ይለጠፋል ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን አሳትሜ በዚያው ቀን እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ለአማካሪዬ ካላስረከብኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ፍላሼን ቫይረስ በልቶት ስለነበር ጽሑፉ ያለው ቤታችን ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እስኪከፈት ድረስ ፊት ታጥቦ፣ ቁርስ በልቶ መመለስ ይቻላል። ሳማርር አባቴ ለሳምንታት ሰምቶኛል። ታዲያ ያን ዕለት ጠዋት፣ እኔ ቤተ መጻሕፍት ሳለሁ፣ ምንም ሳይነግረኝ ራሙን ነቀለው። ራም ማለት ያቺ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ሐሳቡን የሚይዝባት፣ የማስመሪያ ቁራጭ የምታክል ሰሌዳ ናት። ፒያሳ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰደና አሮጌውን ለእሱ ትቶ፣ በአቅም እጥፍ የምትሆን አዲስ ይዞ መጣ። ከዚያ በገዛ እጁ ገጠማት።

ለምሳ ስገባ በር ላይ ጠበቀኝ። "እስቲ አብሪው" አለኝ፣ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት።

አበራሁት። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። ስክሪኑ ድቅድቅ ጨለማ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ስታቢላይዘሩን ቀየርን፣ ሶኬቱን ቀየርን፣ ጠረጴዛውን ሳይቀር አንቀሳቀስን። እናቴ ከጓዳ "መብራቱ ይሆናል እኮ" ትላለች፤ አምፖሉ አናታችን ላይ እየበራ። በመጨረሻ አባቴ ለጠጋኙ ደወለ። የድሮ ተማሪው ነው። "መምህር፣ ራሙ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነካካበትን ወርቃማ ጠርዝ በላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርገው ይመልሱት" አለው።

ራሙን ልቀበለው እጄን ብዘረጋ አባቴ "ተይ፣ እጅሽ ላብ አለው" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ እንዳይጫረው እየሳሳ ጠረገ፣ ጠረገ። የጎማው ሽታ ቤቱን ሞላው። ስምንት ሰዓት ሆነ። መልሶ ገጠመው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። "በደንብ አልጠረግኩትም መሰለኝ" አለና እንደገና ያዘው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጥርሴን ነክሼ ነው የቆምኩት። እስከ ዛሬ ባንክ ቤት የተራ መጥሪያው ጢጥ ሲል ሰዓቴን አያለሁ።

የኮምፒውተሩን ሣጥን ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አባቴም ሳልጠራው ባርኔጣውን አድርጎ ከጎኔ ገባ። ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር የሣጥኑን ጠርዝ በመዳፉ ይደግፍልኝ ነበር። "አይዞሽ፣ ልጄ" አለኝ። ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ጠጋኙ አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። ክዳኑን ፈታ፣ ራሙን ነቅሎ ወደ ብርሃን አዞረው። ወርቃማው ጠርዝ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስተር በጥንቃቄ ተለጥፎበታል። ላጲሱ ያን ሁሉ ሰዓት ሲፍቅ የዋለው ፕላስተሩን ነው! ጠጋኙ አባቴን አየ፣ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አየ፣ ከዚያ በጥፍሩ ላጥ አደረገው።

"ይቅርታ መምህር" አለ። "ይሄ ከፋብሪካው ተለጥፎ የሚመጣ ነው። አንሥቼ ልሰጥዎት ይገባ ነበር፤ የእኔ ጥፋት ነው።"

ዝም ብል ምን ነበረበት? ጽሑፌ ሊታተም ነው፣ ሰዓቱም አላለፈም። ግን የፕላስተሩ ጫፍ ሰያፍ ነበር።

"የምን ፋብሪካ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "የእሱ ፕላስተር ነው። የማያውቀውን እየነካካ ቀኔን በላው!"

ሰዎቹ ሳቁ። ጠጋኙ አልሳቀም፤ አቀርቅሮ ብሎን ይፈልግ ጀመር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ፤ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ እንዲመልስ የታዘዘ ተማሪ መሰለ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ። "አቧራ እንዳይገባው ብዬ ነው።"

ኮምፒውተሩ አንዴ ጢጥ አለና ተነሣ። እዚያው ታተመልኝ፣ በሰዓቱ አስረከብኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተመረቅኩ። አባቴ ማታ እራት ላይ ራሱ እየቀለደ ለእናቴ ስላወራው፣ የረሳው መሰለኝና ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ዛሬ ላጲሱን እንደያዝኩ መሳቢያውን በረበርኩ። የጡረታ ደብተሩ በላስቲክ። የእናቴ መታወቂያ በላስቲክ። የወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ሳይቀር በላስቲክ። ከሁሉም ሥር የመመረቂያ ፎቶዬ አለ፣ እንዲሁ ሳይሸፈን። ጥጉ ተበልቷል፣ ጋውኔ ላይ እርጥበት ወርዶበታል። የመመረቂያ ጽሑፌ ጥራዝም ላስቲክ የለውም። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ከጮህኩበት በኋላ የእኔ የሆነ ነገር ሸፍኖ አያውቅም። ያስተዋልኩት ዛሬ ነው።

ላፕቶፑ እስካሁን አልተነሣም። ላጲሱ እጄ ላይ ነው፤ ፕላስተሩን መላጥ አልቻልኩም።