የሎሚ ሽቶ የሚቀባው መርማሪ

የደህንነት ሰዎች ካፉሪ ከሚባለው የሀብታም ሰፈር የወሰዱኝ ከነሽርጤ ነው። ቤት የማጸዳላቸው ጌታዬ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ እሳቸውን ሲያጡ እኔን ያዙ። «የማን ሰላይ ነሽ?» አሉኝ። መወልወያ ይዤ የምሰልለው ምን ይሆን!

የእስር ክፍሉ ገና ሲከፈት አፍንጫዬን በሽርጤ ያዝኩ። ጥግ ላይ ሞልቶ የፈሰሰ ባልዲ፣ ግድግዳው ላይ የደረቀ አክታ፣ ዝንቡማ አይነሳ። የስንቱን ሽንት ቤት አጽድቼ እንዲህ ቀፍፎኝ አያውቅም።

ከሁሉ የባሰው ግን መርማሪው ነበር። በሎሚ ሽቶ ተነክሮ ይመጣና ውስጥ እግሬን በጎማ ይገርፈኛል፤ ድፍት ይበልና! ከጥቂት ቀን በኋላ መምታትም አላስፈለገውም። ሽቶው በበሩ ሥር ሲገባ ሽንቴ ያመልጠኛል። ገላዬን ተጠየፍኩት።

አብራኝ የታሰረችው ሱዳናዊት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረች፤ ዶክቶራ እላታለሁ። አንድ ጠዋት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳለቅስ አየችኝ።

«ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይሄ ፈሪነት አይደለም» አለችኝ። «አንጎል ውስጥ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። ሽቶውና ግርፋቱ አብረው ሲመጡ፣ እዚያ ያሉት ሴሎች አዲስ ፕሮቲን ሠርተው ሁለቱን ያጣብቋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሽቶው ብቻውን ይበቃል። ቤተ ሙከራ ውስጥ በአይጥ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ።»

«አይጥ አደረግሽኝ?»

«እኔም እኮ አይጥ ነኝ። የኔ በቁልፍ ድምፅ ነው፤ ቁልፉ ሲንቃጨል ጥግ ገብቼ ጆሮዬን እይዛለሁ» አለችኝ።

«ይለቃል ግን?»

«የድሮው አይፋቅም። ሰውነትሽ ግን በላዩ ሌላ ነገር ሊማር ይችላል፤ ኢንሻላህ።»

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ሽቶው ገባ፤ አመለጠኝ። መርማሪው ወለሉን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። «ሐበሺያዋ ሸናች!»

ምን እንደነካኝ እንጃ። የመጠጥ ውሃዬን ወለሉ ላይ አፈሰስኩ፤ ሻሼን ፈትቼ፣ ተንበርክኬ መወልወል ጀመርኩ። ጫማው ጋ ስደርስ፣ ለጌቶቼ ሁልጊዜ እንደምለው፣ ቀና ሳልል «ኩራዓክ!» አልኩት፤ እግርህን ማለት ነው።

አነሳ! አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። ቤቱ ሠራተኛ ቢኖረው ነው። ዶክቶራ አፏን በእጇ ያዘች። ያደረገው ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ፤ በጥፊ አጮለኝና ወጣ። እኔም ወለሉን ጨረስኩ።

ከተፈታሁ ወዲህ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር፣ ዴም ነው የምኖረው። ሐፍላ፣ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ተሳፍሬ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ያንን ሽቶ ከተቀባ፣ ሰውነቴ ዛሬም አይታዘዘኝም። ባለፈው ሳምንት አመለጠኝ። ወረድኩ፣ ቤቴ ገብቼ ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀይሬ ሥራ ሄድኩ። ድሮ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ራሴን ስጠየፍ እውል ነበር። አሁን የምጠየፈው መርማሪውን ነው።