ያሳጠርኩት ትርጉም

ሰው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ እንጀራዬ ነው። የሥነ ሕዝብ አስተማሪ ነኝ። ሰው ለምን ከአገሩ ይወጣል፣ የሄደበትን ቦታ ምን ያደርገዋል፣ ትቶት የሄደው መሬትና ውሃስ ምን ይሆናል እያልኩ ስጠይቅና ሳስተምር ዕድሜዬ ሄዷል። በሥራዬ የሚያውቁኝ ሰዎች ረጋ ያልኩ፣ ለነገር የማልቸኩል አድርገው ያስቡኛል። ከሥራዬ እኩል ልቤን ይዞት የኖረው ግን በአንዲት ጓደኛዬ ላይ የነበረኝ ቅናት ነው። ይህን እስከዛሬ ሙሉውን ለማንም አልተናገርኩም።

የተዋወቅነው ሁለተኛ ዲግሪ ስንጀምር ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ክፍላችን ውስጥ ሴቶች ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ ከወሎ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። እኔ የአቃቂ ልጅ ነኝ። አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ባቡሩም ፋብሪካዎቹም ሳይመጡ እዚያው ሲያርሱ ከኖሩት ቤተሰቦች ናት። ስለዚህ እኛ ቤት ወሬ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይጨረሳል፤ ያንን ማንም እንደ ልዩ ነገር አይቆጥረውም ነበር።

ለመመረቂያ ጽሑፏ የሚሆን ቦታ አጥታ ስትጨነቅ፣ "እኛ ሰፈር ነይ" ያልኳት ራሴ ነኝ። "ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ ባቡሩ አለ። ከየአገሩ ያልመጣ ሰው የለም።" እኔ የማጠናው ወንዙን ነበር፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የገባበት ውሃ ጓሮ አትክልቱን ምን እንዳደረገው። እሷ ሰዎቹን ታጠናለች። እኛ ቤት ገባች፣ አልጋዬን ተጋራን፣ ጠዋት ጠዋት መጠይቃችንን ይዘን አብረን እንወጣ ነበር።

መጀመሪያ ላይ አዘንኩላት። እኔ በአንድ ጠዋት መንደሩን አጋምሼ ስመለስ እሷ አንድ ቤት ገብታ እዚያው ትውላለች። መጠይቁ ጭኗ ላይ እንደታጠፈ ነው።

"እንዲህ ከሆነ መቼ ልትጨርሺ ነው?" አልኳት።

"እኔ እንጃ። እነሱ ሲጨርሱ እጨርሳለሁ" አለችኝ።

አንድ እሁድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እሷ አጠገቡ ምስር ትለቅማለች። እኔ ግቢው ጥግ ልብስ እያጠብኩ ነው፤ የሚያወሩት ሁሉ ይሰማኛል።

"አገርሽ ወዴት ነው?" አላት።

"ወረኢሉ አካባቢ ነው፣ አባባ።"

ከምስሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ አብሯት መልቀም ጀመረ። ቀና ብዬ አየሁት።

"እኔም ከዚያው ነኝ" አላት።

እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። አባቴ አገሩን የጠየቀውን ሰው ሁሉ "አገሬ አቃቂ ነው" ብሎ ነበር የሚመልሰው። ከወዲያ በኩል ዘመድ መጥቶ አያውቅም። እኛም ልጆቹ ነገሩን እንደዚያው ተቀብለን አድገናል። ለእሷ ግን ረጋ ብሎ ነገራት። የአባታቸው መሬት ለወንድማማቾቹ ሲካፈል የደረሳቸው የማያኖር በመሆኑ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በእግራቸው ወጡ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ወንድሙ ታመመ። አንድ ደግ ቤተሰብ አስጠጋቸው። ወንድሙ፣ "አንተ ሂድ፣ ሥራ ስታገኝ መጥተህ ትወስደኛለህ" አለው። ሐዲድ ላይ ተቀጥሮ ከወራት በኋላ ሲመለስ፣ ቤተሰቡ፣ "ድኖ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ ግን አልነገረንም" አሉት።

"ጡረታ እስክወጣ ድረስ" አላት አባቴ፣ "እዚህ ጣቢያ ከባቡር የሚወርደውን ሰው ፊቱን ሳላይ አሳልፌ አላውቅም።"

እሷ ምስሩን ማስቀመጧን አስታውሳለሁ። "ለልጅዎ ነግረዋታል?" አለችው።

"አልጠየቀችኝም" አላት።

ያን ዕለት ነው የጀመረው። በማግስቱ መንገድ ላይ፣ "ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ያናገርሽው?" አልኳት። ቀልድ ለማስመሰል ሞክሬ ነበር።

"ምንም። አገሬን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት" አለች። እውነቷን ነበር፤ እውነቷን መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ጽሑፏ የሚጀምረው በአባቴ ታሪክ ነበር። ስሙ የለም፣ "አንድ የሐዲድ ሠራተኛ" ይላል። አስፈቅዳዋለች፤ እንዲያውም ከፍታ አንብባለት፣ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እንዳዳመጣት እናቴ ነገረችኝ። በመመረቂያው ምዘና ቀን ፈታኙ መምህር ያንን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና፣ "እኚህን ሰው የት አገኘሻቸው?" ብሎ ጠየቃት። እሷ ወደኔ ዞረች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የኔ ሲቀርብ ልኬቱ ሁሉ ትክክል ነበር፣ ሰንጠረዡ ያምር ነበር፣ "ጥሩ ሥራ ነው" ተባልኩ። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አባቴ ሁለቱንም ጥራዞች ከጡረታ ወረቀቱ ጋር ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የኔን እንዳነብለት አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ሁለታችንም እዚያው በተማርንበት ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተቀጠርን፤ ቢሯችን ጎን ለጎን ሆነ። ቅናት ትልልቅ ነገር የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር፤ የሚኖረው ግን በጥቃቅን ነው። እሷ በር ላይ የቆሙትን ተማሪዎች በግድግዳው በኩል በድምፅ እለያቸዋለሁ። ስብሰባ ላይ የተናገረችው ሐሳብ ሲመሰገን ያንኑ ሐሳብ እኔ ቀደም ብዬ አስቤው እንደነበር ለራሴ አረጋግጣለሁ። አንድ ጊዜ ወባ ይዟት ሳምንት ስትቀር ትምህርቷን ሸፈንኩላት፣ ሾርባ ይዤላት ሄድኩ፣ በመንገዴ ሁሉ ግን ልቤ ቅልል ብሎት ነበር። እሷ ይህን አታውቅም። በየበዓሉ እኛ ቤት ትመጣለች፣ አባቴም ከኔ ቀድሞ እሷን ይስማል።

ቆይቶ ቂሊንጦ በኩል ያለው የእርሻ መሬት ለግንባታ መለካት ጀመረ። የሁሉም ዓይን ወደ ከተማ በሚገባው ሰው ላይ ስለሆነ፣ እሷ ከተማው የሚገባባቸውን ገበሬዎች ላጥና አለች። ለአንድ ሰው ብቻ ለተከፈተው የዶክትሬት ትምህርት ዕድል የምታቀርበው ፕሮፖዛል ነበር። እኔም ለዚያው ዕድል እያመለከትኩ እንደሆነ ታውቃለች። ቢሮዬ ገብታ፣ "ኦሮምኛ አልችልም። ካንቺ ሌላ አስተርጓሚ አላምንም" አለችኝ።

እሺ አልኩ።

ወደ እናቴ አክስት ወሰድኳት። አዴ ነበር የምንላቸው። በሚኒባስ ሄደን የቀረውን በእግር ገባን። ኅዳር ነው፤ ጤፉ ደርሷል። አዴ ከበረቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ጓደኛዬ ትንሿን ቴፕ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ፈቃዳቸውን በኔ በኩል ጠይቃ ከፈተች።

አዴ ረጅም ሰዓት ተናገሩ። መሬቱን የሚለካው ሰውዬ ሲመጣ ጤፉ አሽቶ እንደነበር፣ ገመዱን እየጎተተ ሲገባ ጤፉን ላለመርገጥ እግሩን እያነሳ ስለነበር እንዳዘኑለት፣ ውሃ እንዳጠጡት ነገሩን። ልጅ ሳሉ ወንዙ ውስጥ ፊታቸውን አይተው ፀጉራቸውን ያበጥሩ ነበር። "አሁን ከብቱ እንኳ አሽትቶት ይመለሳል" አሉ። "ከብት የተጠየፈውን ውሃ ጎመን እናጠጣበታለን፤ ጎመኑን እናንተ ከተሜዎቹ ትበሉታላችሁ።" ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ሰው አገሩን ትቶ ይሄዳል። እኔ የትም አልሄድኩም። እዚሁ ቁጭ ባልኩበት አገሩ ትቶኝ ሄደ።"

ስንት ዓመት ስለ ፍልሰት አስተምሬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ብዕሯን ይዛ አፌን እያየች ትጠብቃለች።

"ምን አሉ?" አለችኝ።

"ውሃው መበላሸቱን ነው የሚሉት። መሬታቸው በመወሰዱም ቅር ብሏቸዋል" አልኳት።

"ይሄን ሁሉ ሰዓት?"

"ነገር ይደጋግማሉ፤ አርጅተዋል" አልኩ።

አዴ አማርኛ ጥቂት ጥቂት ይሰማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በትምህርት ክፍላችን ሴሚናር ላይ ጽሑፍ አቀረብኩ። ርዕሱ ባሉበት ቆመው ስለተፈናቀሉ ሰዎች ነበር። የአዴን ቃል እንዳለ አነበብኩት። እጆች ወጡ፣ ጥያቄው አላባራ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እንደሌሎቹ አጨበጨበች።

በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋችው። ካሴቱን የቋንቋ ትምህርት ክፍል ባልደረባ እንዲተረጉምላት ሰጥታ ኖሯል። በእጅ የተጻፉ ወረቀቶችን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ለምን?" አለችኝ።

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ዘመዴ ናቸው ልላት፣ ቦታው የኔ ነው ልላት፣ አባቴን ወስደሽብኛል ልላት። አፌ ላይ የመጣው ግን አንድ ብቻ ነው።

"ቀንቼብሽ ነው" አልኳት።

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ወረቀቶቹን መልሳ ሰበሰበች። "እኔ ሌላ ሰው ጠይቄ እጽፋለሁ። የቆረጥሽው ግን እኔን አይደለም፣ እሳቸውን ነው። አርጅተው ነገር የሚደጋግሙ አደረግሻቸው" ብላ ወጣች።

ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር። የዶክትሬቱን ዕድል እሷ አገኘች። የስንብቱ ምሳ ላይ ተገኝቼ እጇን ጨበጥኩ። ከሄደች በኋላ ቢሯ ለሌላ መምህር ተሰጠ። ግድግዳው ዝም ሲል ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ሥራ ግን እምቢ አለኝ። ያንን የሴሚናር ጽሑፍ ለማሳተም ስቀመጥ የአዴ ቃል ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

በመጨረሻ ወደ አዴ ሄድኩ። ከመሬታቸው ተነስተው ልጃቸው በሠራው የብሎኬት ቤት ውስጥ ነበሩ፤ በረቱ የለም፤ ደጃፋቸው ላይ የባጃጅ መንገድ ያልፋል። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

"አውቄብሻለሁ" አሉ። "ያን ሁሉ አውርቼ አንቺ ሁለት ቃል ስትያት ጊዜ አማርኛ እንዲህ አጭር ነው እንዴ ብዬ ነበር።" ሳቁ። ከዚያ፣ "ያቺ ልጅ የት ደረሰች? ዓይኗ ደግ ነበር" አሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ እንኳ ቀናሁ።

ዶክተር ሆና ስትመለስ እኔ ነኝ ቢሮዋ የሄድኩት። "አዴ ይጠይቁሻል። ልውሰድሽ" አልኳት። ቦርሳዋን አነሳች። ከሳሪስ ሚኒባስ ይዘን እስክንደርስ ስለ ትራፊኩ ብቻ ነበር ያወራነው።

አዴ ዓይናቸው ደክሟል። እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና መናገር ጀመሩ። እኔ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ሆኜ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ስለ ልጆቻቸው፣ ገበያ ወጥተው ስለሚገዙት ጤፍ፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው ተረጎምኩ። ከዚያ አዴ ወደኔ ሳያዩ፣ "ይቺ የእህቴ የልጅ ልጅ ቃሌን ደብቃብሽ ነበር። ነግራኛለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ሆዷ ጠባብ ነው" አሉ።

ጓደኛዬ ጠበቀች። ባሳጥረው ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ቴፕ አልተከፈተም።

"ይቺ የእህቴ የልጅ ልጅ ቃሌን ደብቃብሽ ነበር" አልኩ። "ነግራኛለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ሆዷ ጠባብ ነው።"

ጓደኛዬ አዴን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። አዴም ሳቁ። እኔ ለመሳቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አብረን ሠራን፤ እኔ ውሃውን፣ እሷ ሰዎቹን። ጽሑፉ ሲወጣ የሷ ስም ቀድሞ የኔ ተከትሎ ነበር። አብዛኛውን የጻፈችው እሷ ስለሆነች ትክክል ነው፤ ስሞቹ ሲደረደሩም ተጠይቄ እሺ ብያለሁ። መጽሔቱ በፖስታ ደርሶኝ ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት ያህል ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከፍቼ ማንበብ የቻልኩት።